ስልክ ያልተቀበለው ተሰኪ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የዛሬው ንግግር ወደ ተነሣበት ጉዳይ ሥር ለመድረስ ብዙዎች የሚያስታውሱትን አንድ ነገር ማንሣት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በዘመናዊ ስልክ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው ጽሑፉን ያነባል፣ ሥዕሉንም ያያል፤ ቪዲዮው ወይም ተንቀሳቃሹ ሥዕል ሊገኝ ከሚገባው ቦታ ላይ ግን ባዶ ሣጥን ያገኝ ነበር። ስልኩ የተበላሸ መስሎት አጥፍቶ ያበራዋል፤ ሣጥኑ ግን ባዶነቱን አይለቅም። ስልኩ አልተበላሸም። ድረ ገጹም ቢሆን በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት እንደ ወትሮው ይሠራል። የጎደለው ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር ነበር፤ ይኸውም በባለሙያዎች ዘንድ «ፕለጊን»፣ በአማርኛ ደግሞ «ተሰኪ» የሚባለው ፕሮግራም ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ያ ባዶ ሣጥን ከምን እንደ መጣ፣ በምን እንደ ተሞላ፣ በመካከሉም ምን እንደ ጠፋ መመርመር ነው። ከተሰኪዎች ሁሉ የታወቀው ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ላይ ያበቃለት በመሆኑ፣ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባዶውን ሣጥን ያመጣው አሠራር ዛሬም በሌላ ስም ይሠራበታል። የሙያ ሰው የደከመበት ሥራ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት አጋጣሚ አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዝቷል ለማለት ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል።

ተሰኪ ለምን ተወለደ?

ድረ ገጽ በመጀመሪያ የታሰበው ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር ለማያያዝ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የኤች ቲ ኤም ኤል ቋንቋ አርእስትን፣ አንቀጽንና መያያዣን መግለጽ ይችል ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም ሥዕል ተጨመረለት። ድምፅና ቪዲዮ ግን በቋንቋው ውስጥ የራሳቸው ስፍራ አልነበራቸውም። በ1996 የወጣው የኔትስኬፕ ናቪጌተር ሁለተኛ እትም ለዚህ ችግር አንድ ብልሃት ይዞ መጣ። ማሰሻው ራሱ የማያውቀው ዓይነት ፋይል ሲያጋጥመው ከገጹ ላይ አራት ማዕዘን ቦታ ከልሎ ለሌላ ድርጅት ፕሮግራም ያስረክባል፤ በዚያ ክልል ውስጥ የሚታየውን፣ የሚሰማውንና የሚጫነውን ሁሉ የሚያስተዳድረው እንግዳው ፕሮግራም ይሆናል። የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በዚያው ዓመት አክቲቭኤክስ በተባለ ስልት ተመሳሳይ በር ከፈተ።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ ባለቤቱ ከግቢው አንዱን ክፍል ለተከራይ እንደ መስጠት ነው። ተከራዩ በክፍሉ ውስጥ የፈለገውን ያደርጋል፤ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ አይመለከትም። በክፍሉ ውስጥ እሳት ቢነሣ ግን የሚቃጠለው ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ ግቢው በሙሉ ነው። በእነዚያ ዓመታት ተሰኪው ሲወድቅ ማሰሻውን በሞላው ይዞት ይወድቅ የነበረው ስለዚህ ነው።

ከተከራዮቹ ሁሉ ገናናው ፍላሽ ነበር። ፊውቸርዌቭ በተባለ ትንሽ ኩባንያ በ1996 በሌላ ስም ወጥቶ፣ ብዙም ሳይቆይ በማክሮሚዲያ እጅ ገባና ፍላሽ ተባለ፤ በ2005 ደግሞ ማክሮሚዲያን አዶቢ ገዛው። ፍላሽን ተወዳጅ ያደረጉት ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ሥዕልን በመሥመርና በቅርጽ ቀመር ስለሚይዝ ፋይሉ ትንሽ ነበር፤ ኢንተርኔት በስልክ መሥመር ይንፏቀቅ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማሰሻዎች አንዱን ገጽ በየራሳቸው መንገድ በሚያሳዩበት ጊዜ፣ የፍላሽ ሥራ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መልክ ነበረው። ሥዕልን፣ ድምፅን፣ እንቅስቃሴንና የተጠቃሚን ምላሽ በአንድ መሣሪያ ማቀናበር ስለሚያስችል፣ ፕሮግራም መጻፍ ያልተማረ ሠዓሊ ሳይቀር ሥራውን ለዓለም ለማቅረብ ቻለ። ቪዲዮ ሲጨመርለት ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ጐላ። በ2005 የተቋቋመው ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹን በፍላሽ አማካይነት ሲያሳይ፣ ተመልካቹ አዲስ ነገር መጫን አላስፈለገውም፤ ተሰኪው አስቀድሞ በአብዛኛው ኮምፒዩተር ላይ ነበርና።

ስለዚህ ፍላሽን እንደ ስሕተት ብቻ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የጋራው ቋንቋ ያልሰጠውን አገልግሎት ከአሥር ዓመት በላይ ሰጥቷል። ዳሩ ግን አገልግሎቱ የብድር ነበር። ገጹን የጻፈውም ሆነ ያነበበው ሰው በማያዝበት የአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ላይ ተደግፎ የቆመ ሥራ፣ ያ ፕሮግራም ሊደርስ ወደማይችልበት ወይም እንዲገባ ወደማይፈቀድለት ስፍራ ሊሻገር አይችልም። ዕዳው የሚጠየቅበት ቀን የደረሰው በስልኩ መምጣት ነው።

የስልኩ ጠባይ

አይፎን በጃንዋሪ 2007 ለሕዝብ ተዋውቆ በጁን ወር ለገበያ ሲቀርብ፣ ለኮምፒዩተር የተዘጋጀውን ገጽ ራሱን መክፈት መቻሉ ከዋነኛ መኩሪያዎቹ አንዱ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ስልኮች በአብዛኛው የሚያሳዩት ለስልክ ተብሎ የተከረከመ ገጽ ነው። ይሁን እንጂ የአይፎን ማሰሻ ፍላሽንም ሆነ የጃቫን ተሰኪ አልተቀበለም። ለምን ይሆን?

የመጀመሪያው ምክንያት የዐቅም ማነስ ነው። የመጀመሪያው አይፎን የነበረው ሜሞሪ 128 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን፣ ይህንኑ ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራምና ማሰሻው ይካፈሉት ነበር። ፍላሽ ግን ያደገው ኤሌክትሪክ ከግድግዳ እየሳበ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ነው። አንድ የማስታወቂያ ሠሪ ሥዕሉ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እንዲቀያየር ሲያደርግ፣ ፕሮሰሰሩ ያለ ዕረፍት እንደሚደክም አያስብም፤ እንዲያስብም የሚያስገድደው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። በስልክ ላይ ቪዲዮ የሚፈታው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ ለዚሁ ሥራ ተብሎ በተሠራ የቺፕ ክፍል መፍታት ሲሆን፣ ይህ ጥቂት ኀይል ይበቃዋል። ሌላው መንገድ ዋናው ፕሮሰሰር በፕሮግራም እየተመራ ምስል በምስል እንዲፈታው ማድረግ ነው፤ ይህ ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል። በስልኮቹ ላይ የተሠራው ልዩ ክፍል የሚያውቀው ኤች 264 የተባለውን የቪዲዮ ማመቂያ ስልት ነበር። በድረ ገጾች ላይ ተሠራጭቶ የነበረው የፍላሽ ቪዲዮ ደግሞ በአብዛኛው በሌሎች፣ በቀደሙ ስልቶች የታመቀ ነበር። ስለሆነም ሸክሙ በሙሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቅ ነበር።

ሦስተኛው ጣት ነው። ብዙ የፍላሽ ሥራዎች የታሰቡት ለማውዝ ነው። የማውዝ ቀስት ሳይጫን በአንድ ነገር ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ዝርዝሮች የሚከፈቱት፣ ማብራሪያዎችም ብቅ የሚሉት ቀስቱ ባረፈ ጊዜ ነበር። ጣት ግን ወይ ነክቷል፣ ወይ አልነካም፤ በመካከል ሌላ ነገር የለም። ተሰኪው በስልኩ ላይ ቢኖር እንኳ፣ እነዚያ ሥራዎች እንደገና ካልተሠሩ በቀር ለጣት አይመቹም ነበር።

አራተኛው ደኅንነት ነው። በተሰኪው በር የሚገባውን ፋይል የሚመረምረው ማሰሻውን የሠራው ወገን ሳይሆን ተሰኪውን የሠራው ነው። ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ተጠቃሚው መጠገኛውን ከሌላ ኩባንያ መጠበቅ ነበረበት። ፍላሽ በየጊዜው አስቸኳይ እድሳት ይወጣለት እንደ ነበር በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችን ያስተዳደሩ ሁሉ ያስታውሳሉ። የሰው አድራሻ፣ መልእክትና ፎቶግራፍ ተከማችቶ በሚገኝበት፣ ከኪስ በማይለይ ዕቃ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ይበልጥ ያሰጋል።

ክርክሩና ውጤቱ

ነገሩ በይፋ የፈነዳው በኤፕሪል 29 ቀን 2010 የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ ስለ ፍላሽ ግልጽ ደብዳቤ ባወጣ ጊዜ ነው። ደብዳቤው ስድስት ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ፍላሽ በአንድ ኩባንያ እጅ ያለ መሆኑን፣ የደኅንነቱንና የአስተማማኝነቱን ጉድለት፣ የባትሪውን ነገር፣ የጣቱንም ነገር ያነሣል። በልዩ ክፍል የሚፈታ ቪዲዮ በአይፎን ላይ እስከ 10 ሰዓት ሲታይ፣ በፕሮግራም የሚፈታው ግን ባትሪውን ከ5 ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንደሚጨርስ ይገልጻል። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው ግን የመጨረሻውን ነው፤ ይኸውም በስልኩና በፕሮግራም ጸሐፊዎች መካከል የሦስተኛ ወገን ንብርብር ከገባ፣ ስልኩ የሚያገኘው አዲስ ችሎታ ሁሉ ያ ሦስተኛ ወገን እስኪቀበለው ድረስ ሊዘገይ ይችላል የሚል ነው።

አዶቢም ዝም አላለም። በተከታዩ ወር መሥራቾቹ ቻርልስ ጌሽኪና ጆን ዋርኖክ ባወጡት ግልጽ ደብዳቤ፣ ማንም ኩባንያ የቱንም ያህል ትልቅና ፈጣሪ ቢሆን ሰዎች በድረ ገጽ ላይ ምን እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚሠሩ ሊወስንባቸው አይገባም ሲሉ ተከራከሩ።

ከሁለቱ ማን እውነት ያዘ? ጊዜው ካለፈ በኋላ ለሚመረምር ሰው ሁለቱም የእውነት ከፊል ይዘው እንደ ነበር ይታያል። ፍላሽ በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር፤ ይህ አይካድም። የአፕልም የፕሮግራም መደብር በ2008 ሲከፈት ያለ እርሱ ፈቃድ አንድም ፕሮግራም የማይገባበት ሆኖ ነው፤ ይህም አይካድም። ከዚህም በላይ አፕል በ2010 ደንቡን አጥብቆ፣ በፍላሽ መሣሪያ የተሠራን ሥራ ወደ አይፎን ፕሮግራም ለውጦ ማስገባትን ለጥቂት ወራት ከልክሎ ነበር፤ በሴፕቴምበር ወር መልሶ አላላው። እያንዳንዱ ወገን «ክፍትነት» ሲል የሌላውን በር እንጂ የራሱን አይመለከትም ነበር።

የሐሳቡ ክርክር በዚህ መልክ ሲቀጥል፣ ፍርዱን የሰጠው ሙከራ ነው። ሙከራው የተደረገው በአንድሮይድ ላይ ነበር። በ2010 አጋማሽ ፍላሽ ፕሌየር 10.1 ለአንድሮይድ 2.2 ወጣ፤ የአንድሮይድ ወገኖችም አይፎን የሌለው ነገር አለን እያሉ አስተዋወቁበት። ይሁን እንጂ ተሰኪው ኤአርኤም 7 የተባለውን የፕሮሰሰር ትውልድ ይጠይቅ ስለ ነበር ርካሾቹ ስልኮች ከመጀመሪያው ከማዕዱ ቀሩ። በተቀበሉት ስልኮችም ላይ ቢሆን ከላይ የተዘረዘሩት ችግሮች አልጠፉም። አዶቢ ራሱ በኖቬምበር 9 ቀን 2011 ለስልክ ማሰሻዎች የሚያዘጋጀውን ፍላሽ ማሳደግ ማቆሙን አስታወቀ፤ በኦገስት 2012 ደግሞ ከአንድሮይድ መደብር ለአዲስ ተጠቃሚዎች መሰጠቱ ቀረ። ስለዚህ ተሰኪው ከስልክ የቀረው አንድ ኩባንያ ስለ ከለከለው ብቻ ነው የሚባለው አይጸናም። በተፈቀደለት ቤትም ሊኖር አልቻለም።

ባዶው ሣጥን በምን ተሞላ?

መፍትሔው ክርክሩ ከመጋጋሉ በፊት መዘጋጀት ጀምሮ ነበር። በ2004 ከአፕል፣ ከሞዚላና ከኦፔራ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች የኤች ቲ ኤም ኤልን ቋንቋ ለማሳደግ አንድ ቡድን መሥርተዋል። በ2007 መጀመሪያ ላይ ኦፔራ ለቪዲዮ የራሱ ምልክት እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥዕል በገጹ ቋንቋ ውስጥ ስፍራ እንዳለው ሁሉ ቪዲዮም ይኑረው፣ የሚያሳየውም ማሰሻው ራሱ ይሁን የሚል ነበር። ዩቲዩብም በ2007 ለአይፎን ሲል ቪዲዮዎቹን በኤች 264 እንደገና ማመቅ ጀመረ። አምስተኛው የኤች ቲ ኤም ኤል እትም በኦክቶበር 2014 የመጨረሻውን ማረጋገጫ አገኘ፤ ዩቲዩብም በጃንዋሪ 2015 ይህንኑ መንገድ ቀዳሚ ማሳያው አደረገው።

ጠረጴዛውም ስልኩን ተከተለ። የጉግል ክሮም በ2015 ከኔትስኬፕ ዘመን የመጣውን የተሰኪ በር ዘጋ፤ ፋየርፎክስም በ2017 ከፍላሽ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ከለከለ። በጁላይ 2017 አዶቢ የፍላሽን መጨረሻ አስቀድሞ አስታወቀ። በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉ ቆመ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ፕሌየሩ ራሱ ሥራዎቹን አላሳይም አለ።

ታዲያ ብድሩ ተከፍሎ አለቀ ማለት ነውን? በከፊል ብቻ። የቪዲዮው ምልክት የጋራ ቢሆንም፣ በውስጡ የሚገባው ቪዲዮ በምን ስልት ይታመቅ የሚለው ዓመታት የፈጀ ጠብ አስነሥቷል። ኤች 264 በብዙ ኩባንያዎች ፓተንት የታጠረ ነው። ሞዚላና ኦፔራ ከፓተንት ነጻ የሆነ ስልት ሲደግፉ አፕልና ማይክሮሶፍት ኤች 264ን መረጡ፤ ጉግል ደግሞ በ2010 የገዛውን ስልት በነጻ ለቀቀ። በመጨረሻም ደንቡ አንዱን ስልት ሳያዝዝ ቀረ፤ በስልኮቹ ቺፕ ላይ አስቀድሞ የተቀመጠው ኤች 264 በተግባር አሸነፈ።

ሌላም አለ። የፊልም ኩባንያዎች ሥራቸው እንዳይቀዳ ምስጠራ ፈለጉ። ተሰኪ በነበረ ጊዜ ይህን የሚሠራላቸው ተሰኪው ነበር። ተሰኪው ሲቀር በማሰሻው ውስጥ ምስጢሩን የሚፈታ፣ ውስጡ የማይታይ ትንሽ ክፍል እንዲገባ ተደረገ፤ ይህንን የሚያስተናግደው ደንብ ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ በሴፕቴምበር 2017 ጸደቀ። ትልቁ ተከራይ ከግቢው ሲወጣ ሌላ ትንሽ ተከራይ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። ስለዚህ «አሁን ሁሉም ክፍት ሆኗል» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

የጠፋውና የተረፈው

ከዚህ ሁሉ ግርግር በኋላ ኪሳራው በማን ላይ ወደቀ? ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገንዘብና ባለሙያ ስለ ነበራቸው ሥራቸውን በአዲሱ መልክ እንደገና አዘጋጁ። ለተማሪዎቹ የፔንዱለምን እንቅስቃሴ ወይም የልብን አሠራር የሚያሳይ ትንሽ ትምህርታዊ ሥራ ያዘጋጀ መምህር፣ ካርቱን የሠራ ወጣት ሠዓሊ፣ ጨዋታ የፈጠረ ብቸኛ ፕሮግራም ጸሐፊ ግን ይህ ዐቅም አልነበራቸውም። የብዙዎቹም ዋና ቅጂ ጠፍቶ ነበር፤ የቀረው የታሸገው ፋይል ብቻ ነው። ሥራው አልተበላሸም፤ የሚከፍተው ጠፋ እንጂ።

መንግሥታትም ከዚህ አላመለጡም። የደቡብ አፍሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት አንዳንድ የግብር ቅጾቹ በፍላሽ የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ በጃንዋሪ 2021 እነዚያን ቅጾች ብቻ የሚከፍት የራሱን ማሰሻ ለግብር ከፋዮች ለማውጣት ተገደደ። የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ የራሷን የምስጠራ ስልት አዘጋጀች፤ ማሰሻዎች ይህን ስልት ስለማያውቁ የባንክና የግዢ ሥራ በአክቲቭኤክስ ተሰኪ እንዲከናወን ሆነ። በዚህም ምክንያት ሕዝቡ ከአንድ ኩባንያ ማሰሻ ጋር ተቆራኘ። ዘመናዊ ስልክ በ2009 መጨረሻና በ2010 ሲስፋፋ፣ ያ ሁሉ ሥርዓት በስልክ ላይ የማይሠራ መሆኑ ገሃድ ወጣ። በሥርዓቱ መሠረት የነበረው ልዩ የፊርማ ምስክር ወረቀት የሕግ ብልጫውን ያጣው በዲሴምበር 2020 ነው። በጎ ታስቦ የተጀመረው ጥበቃ አገርን ለሃያ ዓመታት ያህል ባንድ ተሰኪ አሰረ።

የተረፈውም የተረፈው በፈቃደኞች ድካም ነው። ሩፍል የተባለው ፕሮግራም የፍላሽን ፋይል ያለ ፍላሽ ያነባል፤ ማሰሻው ራሱ በሚያውቀው ቋንቋ ስለሚሠራ ምንም ተሰኪ አይሻም። ኢንተርኔት አርካይቭ በኖቬምበር 2020 በዚሁ ፕሮግራም እየታገዘ የፍላሽ ሥራዎችን ማሰባሰብና ማሳየት ጀምሯል። ከዚህ ቀደም ስልክ አልቀበልም ያላቸው ሥራዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በስልክ ማሰሻ ይከፈታሉ። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ዳሩ ግን በዚህ መንገድ የሚድነው አንድ ሰው አስቦ ያስቀመጠው ብቻ ነው። ማንም ያላስቀመጠውን ማንም አያድነውም።

ለአገራችን ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት

የሩቅ አገር ኩባንያዎች ጠብ ለኢትዮጵያ ባለሙያ ምን ይነግረዋል? ብዙ ይነግረዋል። በራሳችን ፊደል የደረሰው ነገር ከዚህ ጋር አንድ ነውና።

ግዕዝ በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው የአንድን ድርጅት ፎንት መርጦ በዚያ ፎንት ኮድ ይጽፍ ነበር። ያ ፎንት በኮምፒዩተሩ ላይ የሌለ አንባቢ በአማርኛው ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ያያል። ይህን ለማምለጥ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አንሥቶ መለጠፍም ይቻል ነበር። ፍላሽም ፊደላትን በፋይሉ ውስጥ አብሮ ማሸግ ስለሚችል ከፎንት ችግር የሚያድን መንገድ ነበር። ነገር ግን በሥዕልና በፍላሽ ውስጥ የተቀመጠ አማርኛ ለዓይን ይታያል እንጂ እንደ ጽሑፍ አይያዝም፤ ቃል ፈልጎ ማግኘት፣ ቀድቶ መጥቀስ ወይም ለዓይነ ስውር አንባቢ ጽሑፉን በድምፅ ማሰማት ያስቸግራል። የየድርጅቱ ፎንት ሲቀር በእርሱ የተጻፈውም ወደ ዩኒኮድ ካልተዛወረ ተዘግቶ ይቀራል። በዩኒኮድ የተጻፈው ግን የግዕዝ ፎንት ባለው ስልክ ሁሉ ላይ ያለ ተጨማሪ ነገር ይነበባል። በ2012 የጸደቀው የድረ ገጽ ፎንት ደንብ ደግሞ ገጹ ፎንቱን ይዞ እንዲመጣ ስላስቻለ፣ ጽሑፉ ጽሑፍነቱን ሳያጣ መልኩ ያምራል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት በዚህ ረገድ እውነት ሆኖ ይገኛል።

ጉዳዩ ለአገራችን የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ ብዙው ሰው ኢንተርኔትን የተዋወቀው በስልኩ ነው። በሌላ አገር ስልኩ ገጹን ባይከፍትለት ወደ ቤቱ ኮምፒዩተር የሚመለስ ሰው ነበር፤ እዚህ ግን ለብዙው ሰው የሚመለስበት ሌላ ኮምፒዩተር የለም። ስልኩ ላይ ባዶ ሣጥን ማለት ለእርሱ አገልግሎቱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ በአዲስ ስልክ ብቻ የሚከፈት ቅጽ፣ በአንድ መተግበሪያ ብቻ የሚገኝ ማስታወቂያ፣ በአንድ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅት ግቢ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ትምህርት ሁሉ የትናንቱ ተሰኪ የዛሬ ልጆች ናቸው። በአንጻሩ ጥሩ ምሳሌም አለ። ቴሌብር በ2021 ሲጀመር በመተግበሪያ ብቻ አልተወሰነም፤ ተራ ስልክ የያዘ ሰውም *127# ደውሎ እንዲጠቀም መንገድ ተዘርግቶለታል። መተግበሪያው ለሌለው ሰው በሩ አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሙያ ሥርዓት ሦስት ጥያቄዎችን የያዘ ነው። አንደኛ፣ ይህ ሥራ እንዲከፈት ካዘጋጀው ሰውና ከሚያነበው ሰው ሌላ ማን ጸንቶ መቆየት አለበት? ሁለተኛ፣ ያ ሦስተኛ ወገን ነገ ቢዘጋ ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ ዋናው ቁም ነገር፣ ማለትም ጽሑፉ፣ ቁጥሩ፣ ድምፁ በሌላ ቀላል መንገድ ይገኛልን? ሦስተኛ፣ የሥራው ዋና ቅጂ በማን እጅ፣ በምንስ መልክ ተቀምጧል? እነዚህ ጥያቄዎች ሥራው ከተረከበ በኋላ የሚነሡ ከሆነ ዋጋቸው ይንራል፤ በውሉ ላይ አስቀድመው ቢጻፉ ግን ከጥቂት አንቀጽ በላይ አይፈጁም።

የሦስተኛ ወገን መሣሪያ ፈጽሞ አይነካ ማለትም አይደለም። ፍላሽ ቪዲዮ በድረ ገጽ ላይ በቀላሉ እንዲታይ ረድቷል፤ የጋራው ቋንቋም ምን እንደሚጎድለው የተረዳው ከፍላሽ ነው። ብድር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። የሚያስነቅፈው ብድሩን እንደ ራስ ሀብት ቆጥሮ፣ የሚመለስበትን ቀን ሳያስቡ ቤት መሥራት ነው። የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው በየዓመቱ ብዙ ገንዘብና ድካም የሚፈስባቸውን ሥራዎች ይረከባሉ፣ ያስረክባሉም። ከእነዚህ መካከል የትኞቹ ከአሥር ዓመት በኋላ በአንድ ተራ ስልክ ላይ እንደሚከፈቱ የሚወሰነው ዛሬ፣ ውሉ በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ ነው።